ስለ ሆቴል አልጋ አንጣፊዎች ድካምና ጤና

እንግዳን ተቀብሎ ማሳረፍ በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ የተከበረ ልማድ ነው። በቀድሞ ዘመን መንገደኛ መሽቶበት ከሰው ደጃፍ ቆሞ «የመሸበት እንግዳ» ብሎ በተጣራ ጊዜ ባለቤቶቹ አስገብተው፣ እግሩን አጥበው፣ ካለው አቅርበው፣ መኝታ አንጥፈው ያሳድሩት ነበር። እንግዳውም ውሃ ያፈሰሰለትንና ቍርበት ያነጠፈለትን ሰው በዓይኑ አይቶ፤ ሲነጋ አመስግኖና መርቆ ወደ መንገዱ ይሄድ ነበር። ከተሞች እየሰፉ፣ ንግድና ጕዞ እየበዙ ከሄዱ ወዲህ ግን እንግዳን የማሳደር ነገር ከቤተ ሰብ እጅ ወጥቶ የሆቴል ሥራ ሆኗል። በአዲስ አበባ በእቴጌ ጣይቱ ስም የሚጠራው ሆቴል ከተቋቋመ ከመቶ ዓመት በላይ ዐልፏል፤ ከዚያም ወዲህ በየከተማው የተሠሩት ሆቴሎች ብዙዎች ናቸው። በሆቴል የሚያድር እንግዳ ጧት ወጥቶ ማታ በተመለሰ ጊዜ አልጋው ተነጥፎ፣ መታጠቢያ ቤቱ ጸድቶ፣ ፎጣው ተለውጦ ያገኘዋል። ይህን ያደረገችለትን ሠራተኛ ግን አያያትም፤ ስሟንም አያውቅም።

የማይታይ ሥራ ድካሙም የማይታይ ይሆናል። ብዙ ሰዎች አልጋ ማንጠፍና ቤት መጥረግ በየቤቱ የሚሠራ ቀላል ነገር ነው ብለው ያስባሉ። አንድ አልጋ ማንጠፍስ በእውነት ቀላል ነው። በአንድ ቀን ሃያ አልጋ፣ በሳምንት ስድስት ቀን፣ ከዓመት እስከ ዓመት ማንጠፍ ግን ሌላ ነገር ነው። ከዚህ ሥራ የሚመጣውን የአካል ጉዳትና የአሳብ ጭንቀት በውጭ አገር ያሉ ሐኪሞችና ሊቃውንት ብዙ ጊዜ መርምረውታል። ከምርመራቸውም የሚገኘው ዋና ትምህርት ይህ ነው፤ ጉዳቱ የሚመጣው ሥራው ከባድ ስለ ሆነ ብቻ ሳይሆን፤ የሥራው ልክ ሳይመዘን ስለሚቈረጥና፤ በሚቈረጥበትም ጊዜ ሠራተኛይቱ ስለማትጠየቅ ነው። ነገሩ እንዲህ ከሆነ ጉዳቱ ሊቀነስ የሚችል ነው እንጂ ከሥራው ጋር አብሮ የተፈጠረ ዕጣ አይደለም።

በመጀመሪያ የሥራው አካሄድ ምን እንደሚመስል ማወቅ ይገባል። የክፍል ጽዳት ሠራተኛ ጧት ሥራ ስትገባ በዚያ ቀን የምታጸዳቸው ክፍሎች የተጻፉበት ወረቀት ይሰጣታል። አንሶላ፣ ፎጣ፣ ሳሙናና የጽዳት ዕቃ የተጫነበትን ጋሪ እየገፋች ከክፍል ወደ ክፍል ትሄዳለች፤ መተላለፊያው ምንጣፍ የለበሰ እንደ ሆነም መንኰራኵሩን ስለሚይዘው መግፋቱ ከሚታሰበው በላይ ጕልበት ይጠይቃል። ወደ ክፍሉም ገብታ ያደፈውን አንሶላና የትራስ ልብስ ታወጣለች፤ የፍራሹን ጠርዝ በአንድ እጇ ብድግ አድርጋ በሌላው እጇ አዲሱን አንሶላ ከሥሩ ትወሽቃለች፤ ይህንም በአልጋው ዙሪያ በየማዕዘኑ ትደግማለች። ከዚያም መታጠቢያ ቤት ገብታ ተንበርክካ ወለሉንና ገንዳውን ትፈትጋለች፤ ክንዷን ከራሷ በላይ አንሥታ መስተዋቱንና ግድግዳውን ትወለውላለች፤ አቧራ ታራግፋለች፤ ቈሻሻ ትደፋለች፤ ምንጣፍ ታጸዳለች። ጐንበስ ማለት፣ መንበርከክ፣ መዘርጋትና ከባድ ነገር ማንሣት በየክፍሉ ይደጋገማል። ወገብ፣ ትከሻና የእጅ አንጓ አብዝተው የሚጐዱትም በድንገተኛ አደጋ ሳይሆን በዚሁ ድግግሞሽ ነው፤ የደከመው ጅማት ሳያርፍ እንደ ገና ይሠራልና።

የጊዜውን ስሌት የተመለከተ ሰው ነገሩን ይበልጥ ያስተውለዋል። የስምንት ሰዓት ሥራ 480 ደቂቃ ነው። ለሠራተኛይቱ 15 ክፍል ቢቈረጥላት ለአንዱ ክፍል 32 ደቂቃ ይደርሰዋል፤ 20 ክፍል ቢቈረጥላት ግን የሚደርሰው 24 ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚህም ላይ ጋሪዋን የምታሰናዳበት፣ ከፎቅ ወደ ፎቅ የምትሄድበትና ምሳ የምትበላበት ጊዜ ይነሣል። አንዱ እንግዳ ክፍሉን አጐሳቍሎ የሄደ እንደ ሆነ ከሚቀጥለው ክፍል ደቂቃ ትበደራለች፤ ብድሩም በመጨረሻ የሚከፈለው ከዕረፍቷ ነው። ስለዚህ ምሳዋን ሳትበላ፣ ውሃም ሳትጠጣ የምትውል፤ ሰዓቷ ካለቀ በኋላም ያለ ክፍያ የምትቀር ሠራተኛ ትገኛለች። አለቃዋ ቆሞ «ፍጠኚ» ማለት አያስፈልገውም፤ ወረቀቱ ቀኑን ሙሉ ያስቸኵላታል።

የእንግዳው ምቾት በጨመረ ቍጥር የሠራተኛይቱም ሸክም ጨምሯል። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. አንድ ታላቅ የአሜሪካ የሆቴል ኩባንያ ወፍራም ፍራሽ፣ ድርብ አንሶላና ብዙ ትራስ ያለው አዲስ አልጋ አወጣ። እንግዶች ስለ ወደዱትም ሌሎቹ ኩባንያዎች ተከትለው በአልጋ መወዳደር ያዙ። ለእንግዳ ደኅና መኝታ ማዘጋጀት የሚነቀፍ ነገር አይደለም። ነገር ግን አልጋው ሲከብድ የክፍሉ ቍጥር በዚያው ከቀረ፤ በአንድ ቀን ደመወዝ የሚወሰደው ጕልበት ማንም ሳይናገር ጨመረ ማለት ነው።

ይህ ድካም በአካል ላይ የሚያደርሰው ነገር በቍጥር ታውቋል። በታላላቅ ሆቴሎቿ በታወቀችው በላስ ቬጋስ ከተማ በ941 የክፍል ጽዳት ሠራተኞች ላይ የተደረገ ምርመራ እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. ታትሞ ወጥቷል። ከተጠየቁትም ከመቶው 63ቱ በወገባቸው፣ 59ኙ በላይኛው ጀርባቸው፣ 43ቱ በአንገታቸው ላይ ብርቱ ሕመም እንደ ነበረባቸው ተናግረዋል። እንደ ገናም እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. በአምስት ኩባንያዎች ሥር ባሉ 50 የአሜሪካ ሆቴሎች የሦስት ዓመት የጉዳት መዝገብ ተመርምሮ ታትሟል። በጠቅላላው ከመቶ ሠራተኞች በዓመት 5.2 ያህል ጉዳት ሲቈጠር፤ በክፍል ጽዳት ሠራተኞች ላይ ግን 7.9 ሆኖ ከተመረመሩት ሥራዎች ሁሉ በለጠ። ከእነርሱም መካከል የላቲን አሜሪካ ወገን በሆኑት ላይ 10.6 ደረሰ።

ከዚሁ ምርመራ ውስጥ አስተዳዳሪዎች ሁሉ ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በሦስቱ ኩባንያዎች ሆቴሎች የተገኘው የጉዳት ብዛት በሁለቱ ኩባንያዎች ከተገኘው እጥፍ ያህል ነበር። ሥራው አንድ ዓይነት ነው፤ አገሩም አንድ ነው፤ ጉዳቱ ግን በአንዱ ቤት ከሌላው እጥፍ ሆነ። ሕመሙ ከሥራው ጠባይ ብቻ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ በሁሉ ዘንድ የተካከለ በሆነ ነበር። የአያያዝና የአደረጃጀት ልዩነት የሰውን ወገብ ሊያድን ወይም ሊሰብር እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

ሌላው አሳዛኝ ነገር ሕመሙ መደበቁ ነው። በዚያው በላስ ቬጋስ ከተጠየቁት ሠራተኞች መካከል ከመቶው 75ቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ከሥራቸው የመጣ ሕመም እንዳገኛቸው ሲመሰክሩ፤ ለአለቆቻቸው የነገሩት ግን ከመቶው 31ዱ ብቻ ነበሩ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአበው ምሳሌ እውነት ነው። ነገር ግን ሠራተኛይቱ በሽታዋን የምትደብቀው ከስንፍና ወይም ከአላዋቂነት አይደለም። አመመኝ ብትል ሰነፍ እባላለሁ፣ ቀላሉን ሥራ ፈልጋ ነው እባላለሁ፣ ከሥራም እወጣለሁ ብላ ትፈራለች። ከቤቷ የሚጠብቋት ልጆች፣ የቤት ኪራይና በገጠር ያሉ ወላጆች አሉ። ስለዚህ ማስታገሻ ክኒን ውጣ ጋሪዋን ትገፋለች። የሆቴሉም መዝገብ ጉዳት የለም ብሎ ይናገራል፤ መርማሪ ቢመጣ የሚያገኘው ንጹሕ ወረቀት ነው። ከዓመታት በኋላ ግን ያች ሠራተኛ ገና በጕልምስና ዕድሜዋ ሳለች ሥራ የማትችል ሆና ትቀራለች።

የአካል ሕመም ከአሳብ ጭንቀት ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ዓ.ም. ሮበርት ካራሴክ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ስለ ሥራ ጭንቀት አንድ አሳብ አወጣ፤ ይኸውም ሰውን አብዝቶ የሚጐዳው ሥራ ብዙ የሚጠየቅበት ሥራ ሁሉ ሳይሆን፤ ብዙ እየተጠየቀበት በአሠራሩ ላይ አንዳች የመወሰን ሥልጣን የሌለበት ሥራ ነው የሚል ነው። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅም ብዙ ሥራ አለበት፤ ነገር ግን የትኛው ይቅደም፣ የትኛው ለነገ ይደር ብሎ ሊወስን ይችላል። አልጋ አንጣፊዋ ግን የክፍሉን ቍጥር አትቈርጥም፤ ጊዜውንም አትወስንም፤ እንግዳው ክፍሉን ለቆ የሚወጣበትን ሰዓት እንኳ አታውቅም። እንዲህ ያለ ኑሮ አካልን ሁልጊዜ እንደ ተሰናዳ ወታደር ያቆመዋል፤ ልብ ይፈጥናል፤ የደም ግፊት ይጨምራል፤ እንቅልፍም ይጐድላል። በላስ ቬጋስ ሆቴሎች በሚሠሩ ሴቶች ላይ የደም ግፊታቸውን ቀኑን ሙሉ በሚለካ መሣሪያ የተደረገው ምርመራ እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. ታትሞ ሲወጣ፤ የሥራ ጭንቀት የበዛባቸው ሠራተኞች የደም ግፊት በሥራ ሰዓት ብቻ ሳይሆን ከሥራ ከወጡም በኋላ ከፍ ብሎ መገኘቱን አስረድቷል። ሠራተኛይቱ ቤቷ ገብታለች፤ አካሏ ግን ገና ከሥራው አልወጣም ማለት ነው።

በዚህ ላይ የሚቃወም ሰው አይጠፋም። አንዳንዱ መንቀሳቀስ ለጤና መልካም ነው፣ ተቀምጦ ከሚውል ጸሐፊ ይልቅ ቆሞ የሚሠራ ይሻላል ይላል። ለዚህም የሚጠቀስ ምርመራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. በታተመው በዚህ ምርመራ በሰባት ሆቴሎች የሚሠሩ 84 ሴቶች ለሁለት ተከፍለው፤ ለአንደኛው ወገን የዕለት ሥራቸው ሐኪሞች የሚመክሩትን የአካል እንቅስቃሴ የሚያሟላ መሆኑ ተነገራቸው። ከአራት ሳምንት በኋላም የእነዚህ ክብደትና የደም ግፊት ካልተነገራቸው ይልቅ ቀንሶ ተገኘ። ነገር ግን ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ሥራው ቀላል ነው የሚል አይደለም። ሥራዋን ዋጋ ያለው ነገር አድርጎ በክብር የገለጠላት ሰው ባገኘች ጊዜ አካሏ እንኳ ለዚያ ቃል መልስ መስጠቱን የሚያሳይ ነው። አሳብ አካልን ይህን ያህል የሚነካ ከሆነ፤ ንቀትና ፍርሀት ደግሞ በዚያው መንገድ እንዴት እንደሚጐዱት መገመት አያስቸግርም። ይሁን እንጂ በጎ ቃል ብቻውን ወፍራሙን ፍራሽ አያቀልለውም።

ከሸክሙ ሌላ የጽዳት መድኃኒትም አለ። በረኪና ብቻውን ዓይንንና ጕሮሮን ያቃጥላል፤ አሲድ ካለበት የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር የተቀላቀለ እንደ ሆነ ግን ክሎሪን የተባለውን መርዛም ጋዝ ያወጣል፤ አሞንያ ካለበት ማጽጃ ጋር ሲገናኝም ሌላ መርዛም ጋዝ ይወጣዋል። መስኮት በሌለው ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ፤ ጊዜ ያነሳት ሠራተኛ ቶሎ ይለቅልኝ ብላ ሁለቱን ብታደባልቅ አደጋው በደቂቃ ውስጥ ነው። ቀስ ብሎ የሚመጣ ጉዳትም አለ። በኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት የመሩትና እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. የታተመው ምርመራ 6,235 ሰዎችን ሃያ ዓመት ያህል ተከታትሎ፤ የሚያጸዱ ሴቶች የሳንባ ኀይል ከማያጸዱት ይልቅ ፈጥኖ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጓንት መስጠት፣ መስኮት መክፈት፣ በጠርሙሱ ላይ ያለውን ማስጠንቀቂያ ሠራተኛዋ በምታውቀው ቋንቋ ማስረዳት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። የተረፈ በረኪናን ስሙ ባልተጻፈበት የውሃ ጠርሙስ መገልበጥም መከልከል አለበት።

ብቻን መሥራትም ራሱን የቻለ ጭንቀት ነው። ሠራተኛይቱ ከማታውቀው ሰው መኝታ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ትገባለች፤ ክፉ አሳብ ያለው እንግዳ ቢያጋጥማትም የሚሰማት ሰው ላይኖር ይችላል። በኒው ዮርክ ከተማ የሆቴል ሠራተኞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. ከባለ ሆቴሎች ጋር ባደረገው ውል ሠራተኞች አደጋ ሲያገኛቸው ርዳታ የሚጠሩበት ትንሽ መሣሪያ እንዲሰጣቸው አድርጓል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. በሥራ ቦታ የሚደርሰውን ግፍና ትንኰሳ ለማስቀረት ቍጥር 190 የሆነውን ስምምነት አውጥቷል። እንግዳ ክቡር ነው፤ ክብሩ ግን የሠራተኛን ክብር ለመንካት ፈቃድ አይሆነውም።

እንግዲህ መድኃኒቱ ምንድር ነው ቢባል፤ አስቀድመው የጀመሩትን አገሮች ሥራ መመልከት ይጠቅማል። በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ሊቃውንትና የክፍል ጽዳት ሠራተኞች አብረው የሥራውን ጉዳት ከመረመሩ በኋላ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሥራ ውል የቀኑ ትልቁ ልክ ከ15 ክፍል ወደ 14 ዝቅ ብሏል። አንድ ክፍል ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን ለቀሩት ክፍሎች ለእያንዳንዳቸው ሁለት ደቂቃ ያህል ይጨምራል፤ በሥራው ልክ ላይ የሠራተኛይቱ ምስክርነት መሰማቱም ከደቂቃው ይበልጣል። የካሊፎርኒያ መንግሥት ደግሞ ሠራተኞች ባቀረቡት አቤቱታ መነሻነት ከብዙ ዓመት ክርክር በኋላ ለክፍል ጽዳት ሠራተኞች ብቻ የሚሆን የጤና ደንብ አወጣ፤ ደንቡም እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ጸና። በዚህ ደንብ መሠረት እያንዳንዱ ባለ ሆቴል ሥራውን በየነገሩ እንዲመረምር፤ በምርመራውም ሠራተኞቹን እንዲያሳትፍ፤ በየዓመቱም እንዲያድሰው ታዟል። ከሚመረመሩትም ነገሮች መካከል ከመጠን ያለፈ የሥራ ፍጥነትና ያነሰ የዕረፍት ጊዜ በስም ተጠቅሰዋል።

በእስፓኝም «የሚያጸዱት» የሚል ትርጕም ካለው ቃል ስማቸውን ወስደው ኬሊስ የተባሉት የሆቴል ጽዳት ሴቶች ማኅበር አቋቁመው ድምፃቸውን አሰምተዋል። የአገሩም መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. በድግግሞሽ የሚመጣውን የእጅና የመገጣጠሚያ በሽታቸውን ከሥራ የመጣ በሽታ ብሎ ተቀብሎላቸዋል። ማዮርካ በምትገኝበት በባሌያሪክ ደሴቶች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. የወጣው ሕግ የሆቴል አልጋዎች በመሣሪያ ከፍ የሚሉ እንዲሆኑ አዟል። አልጋው ወደ ሠራተኛይቱ ከፍ ሲል ወገቧ ወደ አልጋው መጕበጡ ይቀራል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1991 ዓ.ም. ስለ ሆቴልና ምግብ ቤት ሠራተኞች ቍጥር 172 የሆነውን ስምምነት ሲያወጣ፤ የሥራ ሰዓታቸውና ዕረፍታቸው በአግባቡ እንዲወሰን፤ ጉርሻ ቢገኝም ባይገኝም መደበኛ ደመወዛቸው በየጊዜው እንዲከፈላቸው ደንግጓል።

የክፍል ቍጥር ብቻውን ግን ሙሉ መለኪያ እንዳልሆነ እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. ኮሮና በተባለው በሽታ ዘመን ታይቷል። በዚያን ጊዜ ብዙ ሆቴሎች እንግዳው እስኪሄድ ድረስ ክፍሉን በየቀኑ ማጽዳት ትተው ነበር። ነገሩ ዕረፍት ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ቀን ሳይጸዳ የቈየ ክፍል በየቀኑ ከሚጸዳው ይልቅ ያደክማል፤ ቆሻሻው ተጠራቅሟልና። ደግሞም ሥራው በቀን ሲቀነስ የሠራተኞች ቍጥርና የሚሠሩበት ሰዓት አብሮ ተቀነሰ። ስለዚህ እንግዳ ለቆ የወጣበት ክፍልና እንግዳ ያለበት ክፍል፣ አንድ አልጋ ያለበትና ሁለት አልጋ ያለበት እኩል ሊቈጠሩ አይገባም። ይህን ልዩነት ከሥራ አስኪያጁ ይልቅ የምታውቀው ያጸዳችው ሠራተኛ ናት፤ ልኩ ሲወሰን እርሷን መጠየቅ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያውያን የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በዋሺንግቶንና በሌሎችም የአሜሪካ ከተሞች ከአገራቸው ወጥተው በሆቴል ሥራ የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን አሉ። በአገር ውስጥም በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር፣ በሐዋሳና በሌሎች ከተሞች ያሉት ሆቴሎች የሚጸዱት በአብዛኛው በወጣት ሴቶች እጅ ነው። በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ከዓለም የቱሪዝም ድርጅት ጋር ሆኖ ሆቴሎችን በኮከብ ደረጃ መድቧል። ኮከብ ለእንግዳው ስለሚያገኘው መኝታ ይነግረዋል፤ ያን መኝታ ያነጠፈችው ሠራተኛ በቀን ስንት ክፍል እንዳነጠፈች ግን አይነግረውም።

በሕግ በኩል መሠረቱ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንትም ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ፤ በሳምንት ውስጥም ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጥ ያዝዛል። አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ፣ የአደጋ መከላከያ ዕቃ እንዲሰጥ፣ ስለ አደጋውም እንዲያስተምር ግዴታ ጥሎበታል። ለነፍሰ ጡር ሠራተኛም ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን የወሊድ ፈቃድ ሰጥቷል። ከዐሥር የሚበልጡ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋምና ከአሠሪው ጋር የኅብረት ስምምነት ማድረግም በአዋጁ የተፈቀደ ነው። ነገር ግን አዋጁ ሰዓትን ይቈጥራል እንጂ ክፍልን አይቈጥርም። በስምንት ሰዓት ውስጥ 12 ክፍል ቢሰጥም፣ 22 ክፍል ቢሰጥም በወረቀት ላይ ሁለቱም ስምንት ሰዓት ናቸው። ጉዳቱ የሚገባው በዚህ ክፍተት በኩል ነው፤ ክፍተቱንም የኅብረት ስምምነትና የተቈጣጣሪዎች ትጋት ሊዘጉት ይችላሉ።

ባለ ሆቴሎች ወጪው እንደሚበዛባቸው መናገራቸው አይቀርም፤ የእንግዳ ገበያ የሚወድቅበት ጊዜም ስላለ አቤቱታቸው ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የተለማመደች ሠራተኛ ታማ ስትቀር ሌላ አዲስ ፈልጎ ማስተማር፤ በመቻኰል የተሰበረ ዕቃና በደንብ ያልጸዳ ክፍል፤ ተቀይሞ የሚሄድ እንግዳ እነዚህም ሁሉ ወጪዎች ናቸው፤ በሒሳብ መዝገብ ላይ በስማቸው ስለማይጻፉ ብቻ አይታዩም። ከዚህም በቀር ብዙው መድኃኒት ርካሽ ነው። የጋሪን መንኰራኵር ማስተካከል፣ ረጅም እጀታ ያለው መወልወያ መግዛት፣ ከባዱን ፍራሽ ሁለት ሠራተኞች እንዲያነሡት ማድረግ፣ ከባዱንና ቀላሉን ፎቅ በየተራ ማፈራረቅ ሆቴልን አያከስርም።

ስለዚህ የሥራ ተቈጣጣሪዎች ሆቴል ሲመረምሩ የደመወዝ መዝገብና የሰዓት መቈጣጠሪያ አይተው ከመመለስ ይልቅ፤ ጧት ጧት ለሠራተኞች የሚታደለውን የክፍል ወረቀት ሊጠይቁ ይገባል። ሠራተኞቹንም አለቃቸው በሌለበት ሊጠይቋቸው ይገባል፤ የጉዳት መዝገቡ ባዶ ሆኖ የተገኘበት ሆቴል ከሁሉ ይልቅ ምርመራ የሚያስፈልገው ሊሆን ይችላልና። ሆቴሎችን በደረጃ የሚመድቡ ሹማምንትም የእንግዳውን ፍራሽ በለኩበት እጅ የሠራተኛይቱን የቀን ልክ ቢመዘግቡ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ዝምድና ይገለጥላቸው ነበር።

ለካህናትና ለመምህራን ደግሞ ሌላ ድርሻ አለ። በኢትዮጵያ በእጅ የሚሠራ ሰው ሲናቅ የኖረ መሆኑ አይካድም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን የሚሰድቡትን የሚገሥጽ አዋጅ ማስነገራቸው የንቀቱን ብርታት ያሳያል። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆንም ጽዳት የሚሠራ ሰው ዛሬም ዝቅ ተደርጎ የሚታይበት ቦታ ብዙ ነው፤ የተናቀ ሰው ደግሞ ሕመሙን ለመናገር ያፍራል። ሕዝብ የሚሰማቸው አባቶች ስለ ሥራ ክብር ባስተማሩ ጊዜ ይህችን ሠራተኛ ባይረሷት፤ ሕመሟን ይዛ ወደ እነርሱ የምትመጣውንም ችለሽ ተቀመጪ ከማለት ጋር ወደ ሐኪም ሂጂ፣ መብትሽንም ጠይቂ ቢሏት ትልቅ ርዳታ ነው። ለስብሰባ ወይም ለመንፈሳዊ ጕዞ በሆቴል የሚያድሩ ሁሉም ክፍላቸውን ሳያጐሳቍሉ ቢለቁ፤ በመተላለፊያው ሲያገኟትም ሰላምታ ቢሰጧት ዋጋው በሠራተኛይቱ ዘንድ ብዙ ነው።

«ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይባላል። በኢትዮጵያ የሆቴል ሥራ ገና በማደግ ላይ ያለ ነው፤ ልማዱም ገና አልደረቀም። ሌሎች አገሮች ብዙ ሠራተኞች ከተጐዱና ብዙ ዓመት ከተከራከሩ በኋላ የደረሱበትን ደንብ፤ ኢትዮጵያ አዲሶቹ ሆቴሎቿ ገና ሲከፈቱ ልትጀምረው ትችላለች። ለመጀመሪያ የሚያስፈልገውም ነገር ጥቂት ነው፤ የቀኑ የክፍል ልክ በጽሑፍ ይታወቅ፤ ልኩም ከመቈረጡ በፊት አልጋውን የምታነጥፈው ሠራተኛ ትጠየቅ።